በማዬን አፍ የተነገረው

ጁባ፣ ቶንፒንግ ሰፈር ውስጥ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጥር ብዙም ሳይርቅ፣ ዓርብ ዓርብ በያይነቱ የምበላበት አንድ ቤት አለ። ጣሪያው ዝቅ ያለ ቆርቆሮ ስለሆነ ረጃጅሞቹ የአገሩ ሰዎች በሩ ላይ ሲደርሱ አንገታቸውን ሰበር ያደርጋሉ፤ በዚህ የተነሣ የሚገባው ሁሉ ለተቀመጠው ሰው እጅ የሚነሣ ይመስላል። በቅርቡ ከነዚያ እጅ ነሺዎች አንዱ እንደ ጎነበሰ ቀረና ትክ ብሎ አየኝ። የተተኮሰ ሰማያዊ ሸሚዝ የለበሰ፣ ቦርጭ የጀመረው ጎልማሳ ነው። ለአስተናጋጇ «ሰላም ታኪ» ብሎ በአገሩ ዐረብኛ ሰላምታ ሰጣትና ወደ ጠረጴዛዬ መጣ።

«መምህር፣ አላወቁኝም አይደል?»

ፊቱን አላወቅሁትም። አማርኛውን ግን አወቅሁት፤ «ጠ»ን እና «ቀ»ን የሚያለሰልስ፣ ጋምቤላ የተማረ ሰው አማርኛ ነው።

«ጋትዌች» አልሁት።

«ተመስገን። ስሜ አልጠፋዎትም።»

አስቀመጥሁት፤ ለሁለት ሰው እንዲጨመርልን አዘዝሁ። አዲስ አበባ ትምህርቱን ጨርሶ፣ እዚያው ሠርቶ፣ ትዳር ይዞ፣ አሁን ለሥራ ወደ ጁባ መመለሱን ነገረኝ። እኔ ደግሞ ዕድሜው የገፋ ሰው የሚያደርገውን አደረግሁ፤ አእምሮዬ ገና እንዳልዛለ ላሳየው ፈለግሁ። «እናትህስ ደኅና ናቸው? ያን ያጨሱትን ዓሣ አሁንም ወንዙ ዳር ነው የሚሸጡት?» አልሁት።

የጠቀለላትን ጉርሻ መልሶ ሳህኑ ላይ አስቀመጣት።

«እናቴ? እናቴ እኮ መምህር፣ እኔ ፊደል ሳልቆጥር ነው ጋምቤላ የሞተችው። ዓሣ ሻጯ የማዬን እናት ናቸው። ቦር ከተማ ያሉት።»

አፈርሁ። ከተወሰኑ ዓመታት ወዲህ ነገሮች በአእምሮዬ ውስጥ ቦታ መለዋወጥ እንደ ጀመሩ አውቃለሁ፤ መነጽሬን አንድ ቦታ አስቀምጬ ሌላ ቦታ አገኘዋለሁ፤ የሟች ወንድሜን ቀልድ ለጎረቤቴ ሰጥቼ እስቃለሁ። የሰው እናት ግን እንደዚህ ሳለዋውጥ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ነገሩን ለማስቀየር «የክፍል ጓደኛህ ማዬንስ የት ነው?» አልሁ፤ ባልጠየቅሁ ይሻል ነበር።

«ማዬን የለም፤ አልሰሙም? ቦር ነው ያረፈ። ወባ ነው አሉ። ቆይቷል አሁን። እናቱ አሉ። ሄጄ አላየኋቸውም። ምን ብዬ ልሂድ? ከዚያ ሁሉ በኋላ፣ እኔ በዚህ ስሜ፣ ቤታቸው በር ላይ ቆሜ ማነኝ ልበላቸው?»

አስተናጋጇ ውሃ አመጣች። እስክትሄድ ጠበቀ።

«መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነው። ያን ቀን የእሱን ንግግር አልሰማሁም። የእኔ ተራ ላይ ስልኩ ተቋረጠ። በኋላ በጠየቅኩት ቁጥር ‹ሙሉ ውጤት አግኝተሃል፣ ምን ትጨቀጭቀኛለህ› ይለኛል እንጂ አይነግረኝም። እርስዎ እዚያ ነበሩ። እኔን ሆኖ እንዴት አድርጎ ነው የተናገረው?»

የእናቱን መሞት ከረሳ ሰው ይህን መጠየቁ ድፍረት ነው፤ ወይም ሌላ የሚጠይቀው አላገኘም። መልሱን ለመስጠት ግን ከስልኩ ቀን መጀመር አይቻልም።

ያኔ ሰው ሁሉ ወደ ጁባ ይመጣ ነበር። አንዱ ሆቴል ሊከፍት፣ አንዱ ውሃ በቦቴ ሊያመላልስ፣ አንዱ ጁባ ታውን ሱቅ ይዞ ሳሙናና ዘይት በጅምላ ሊያከፋፍል። እኔ አዲስ አበባ ለረጅም ዘመን እንግሊዝኛ አስተምሬ በጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ የባለቤቴ ወንድም የሆቴሉን ሒሳብ እንድይዝለት ቢያስመጣኝ፣ ቁልፍ ከተንጠለጠለበት ሰሌዳ ሥር ተቀምጬ የእንግዳ ስም መጻፍ ጀመርሁ። ሆቴሉ ያረፈ አንድ እንግዳ በወሬ መካከል ሙያዬን ሲሰማ፣ ሃይ ማላካል አካባቢ አዲስ የተከፈተ ኮሌጅ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የከሰዓት በኋላ መምህር እንደሚፈልግ ነገረኝ። ደመወዙ ቦዳ ቦዳ ለሚሉት የሞተር ታክሲ የማወጣውን ይሸፍን ነበር ማለት እችላለሁ። ከቶንፒንግ እስከዚያ አምስት ፓውንድ ነበር፤ ምናልባትም አሥር። ሻይ አንድ ፓውንድ ነበር ብዬ እምላለሁ፤ ሁለት ነበር ብለው የሚሞግቱኝ አሉ። ሞተረኛዬ ከኋላው ያንጠለጠልሁትን ቦርሳ እያየ «ኡስታዝ» ይለኝ እንደነበር ግን ማንም አይሞግተኝም።

የተማሪዎቹን አለባበስ ብቻ አስቤ አልጠግብም። መንገዱ ሁሉ ቀይ አቧራ ሆኖ ሳለ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ ክራቫት አስረው ይመጣሉ። በሩ አጠገብ ባልዲና እርጥብ ጨርቅ ነበር፤ እያንዳንዱ ሹል ጫማውን ጠርጎ፣ አብረቅርቆ ነው የሚገባው። ሴቶቹ በደማቅ የኪቴንጌ ጨርቅ ቀሚስ፣ አዲስ በተሠራ ሹሩባ። ኮሌጁ ገና ወንበር አልገዛም ነበርና ሁሉም ከቤቱ የፕላስቲክ ወንበር ተሸክሞ ይመጣል፤ እንዳይሰረቅ ደግሞ ጀርባው ላይ በጥፍር ቀለም ስሙን ይጽፋል። ከፊት ለፊታችን በስልክ ሜሞሪ ላይ ሙዚቃ የሚጭን ሰው ሱቅ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ የኮንጎና የኡጋንዳ ዘፈን ሲያስጮኽ ይውልና ትምህርቱ ሲያልቅ፣ እኔ ደረጃውን ስወርድ፣ አንድ የአማርኛ ዘፈን ይለቅልኝ ነበር። ለምኜው አላውቅም። የዘፈኑን ዜማ አሁንም አንጎራጉረዋለሁ፤ ግጥሙን ግን እኔው ራሴ ሞልቼው እንደሆነ እጠረጥራለሁ።

ትምህርቱን ያስተማርሁት እኔ ራሴ በተማርሁበት መንገድ ነው። እኔ የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ሳለሁ እንግሊዝኛ ያስተማሩን አንዲት ሕንዳዊት ሴት ነበሩ፤ ሳሪያቸውን በአንድ እጃቸው ሰብሰብ አድርገው በሌላው የሚጽፉ። ዘመኑ ሰው ስለ ራሱ ብዙ የሚናገርበት አልነበረም። እሳቸው ይህ ገብቷቸው ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ብቻ የማይተዋወቁ ሁለት ተማሪዎችን ያጣምሩና ለሳምንታት እርስ በርስ እንዲጠያየቁ ያደርጉ ነበር። በመጨረሻው ቀን አንዱ ቆሞ የሌላውን ሕይወት ይናገራል፤ ግን «እሱ» እያለ ሳይሆን «እኔ» እያለ፣ የጓደኛውን ስም የራሱ አድርጎ። «ስለ ራሳችሁ ስትናገሩ ወይ ትዋሻላችሁ ወይ ታፍራላችሁ፤ በሌላ ሰው ስም ግን ቋንቋ ይመጣላችኋል» ይሉን ነበር። እውነት ነው፣ ይመጣል። ጁባ ይህንኑ ደንብ ከነጭካኔው አመጣሁት። ለጥንዱ የሚሰጠው ውጤት አንድ ነው፤ አንዱ ካልተናገረ ሁለቱም የላቸውም። መምህሩ ከቀኑ በፊት ልምምዳቸውን አይሰማም። ተማሪዎቹ ነገሩን ገበያ ላይ ዶላር እንደሚቀየረው «ኤክስቼንጅ» አሉት፤ እኔም ተቀበልሁት።

ማዬንና ጋትዌችን ያጣመርሁት እንግሊዝኛቸው ስለማይመጣጠን ነበር። ማዬን ኬንያ፣ ስደተኞች ሰፈር ውስጥ ያደገ ነው፤ እንግሊዝኛው እንደ ቧንቧ ነው፣ ከተከፈተ አይዘጋም። ጋትዌች ጋምቤላና አዲስ አበባ ተምሮ የመጣ፣ የሰዋስውን ሕግ ሁሉ በቃሉ የሚያውቅ፣ ግን አፉን ለመክፈት የሚፈራ። በመጀመሪያው ቀን ማዬን እጁን አወጣ።

«መምህር፣ ይህ ሰውዬ አይናገርም። የግድግዳ ታሪክ ነው ወይ የምነግርዎት?»

ጋትዌች ወደ እኔ ዞሮ በአማርኛ፣ «እሱ አንድ ጊዜ አፉን ከዘጋ እኔ እከፍታለሁ ይበሉልኝ» አለ።

ተረጎምሁለት። ማዬን ሲስቅ ትከሻው፣ ጉልበቱ፣ ወንበሩ ሁሉ ይስቃል። ከዚያ ቀን ጀምሮ አልተለያዩም። ግቢው ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር ወንበራቸውን ፊት ለፊት አድርገው ሲጠያየቁ ይውላሉ። ማዬን አማርኛ ለመደ፤ ለስድብ የሚሆነውን አስቀድሞ፣ ለልመና የሚሆነውን አስከትሎ። «እሺ ጌታዬ» ይለኝ ነበር ሥራ ስሰጠው፣ የጋትዌችን ድምፅ አስመስሎ። የሁለቱ ስም ብቻ ለአገሩ ሰው ከየትኛው ጎሣ እንደ ሆኑ ይናገራል፤ ያኔ ግን ይህ ለቀልድ ያህል ካልሆነ በክፍሉ ውስጥ ሲነሣ አልሰማሁም። ወይም እኔ የውጭ ሰው ስለሆንሁ አልሰማሁ ይሆናል። አኮል የምትባል የቦር ልጅ፣ የክፍሉ ምላስ፣ አንድ ቀን በሁለቱ በኩል ስታልፍ፣ «እናንተ ተጋባችሁ እንዴ? የጥሎሹን ከብት የሚሰጠው የትኛው ነው?» አለች።

«እኔ አልሰጥም» አለ ማዬን። «ገና ግስ በትክክል ለማይጠራ ሰው አንድ ጊደር አላወጣም።»

«ለአንተማ ፍየል ይበቃል» አለ ጋትዌች፤ በእንግሊዝኛ፣ ሳይፈራ። ክፍሉ አጨበጨበለት።

ከዚያ ያ ታኅሣሥ፣ የሁለቱን ጎሣ ሰዎች እርስ በርስ ያጋደለው ጦርነት፣ መጣ። ስለ እሱ የሚያውቁት ጽፈዋል፤ ወደፊትም ይጽፉታል። እኔ የማስታውሰው ትንንሹን ነው። መንገዱ ላይ አንድ ሞተር እንኳ አለመኖሩን፣ የሆቴሉ ማቀዝቀዣ ጠፍቶ ቢራው እንደ ሻይ መሞቁን፣ ኮሪደሩ ውስጥ ወለል ላይ ተኝተን ሳለ የባለቤቴ ወንድም ስለ ዳቦ ብቻ ማውራቱን። የአገራችን ሰው አብዛኛው በተገኘው አውሮፕላን ሄደ፤ እሱም ሄደ። እኔ ሆቴሉን ልጠብቅ ቀረሁ። ጀግንነት አልነበረም፤ ቁልፉ እኔ ዘንድ ስለ ነበረ ነው።

ኮሌጁ የተከፈተው ማንጎው መርገፍ ሲጀምር ነው። ክፍሉ ስገባ ወንበሮቹ እንደ ተውናቸው ነበሩ፤ ባለቤቶቻቸው ግን ሁሉም አልተመለሱም። የተመለሱት የየራሳቸውን ወንበር አቧራ ጠርገው ተቀመጡ። ስማቸው እየተነበበ ባዶ የቆሙትን ማንም አልተቀመጠባቸውም፤ ማንምም አላነሣቸውም። እኔ በመካከላቸው እየተሽሎከለክሁ አስተማርሁ። የጋትዌች ወንበር ሰማያዊ ነበር። ማዬን ከጎኑ ተቀምጦ የውሃ ጠርሙሱን በዚያ ላይ ያኖር ነበር፤ ሲጠጣ አንሥቶ፣ ጠጥቶ ሲያበቃ እዚያው ይመልሰዋል።

ጋትዌች በሕይወት ነበረ። የውጭ አገር ሰላም አስከባሪዎች ባሉበት ግቢ ውስጥ ተጠልሎ፣ ከብዙ ሺህ ሰው ጋር፣ በሸራ ሥር። መውጣት አይችልም፤ ከአጥሩ ውጭ በስሙ ብቻ ይገደላል። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ፣ ትሑትና ድካም ያጠቃው ሰው፣ ቢሮው ጠርቶኝ ነገሩን አስረዳኝ፦ የጽሑፍ ፈተናውን ከታኅሣሥ በፊት የወሰደ ተማሪ የንግግሩ ውጤት ከተሟላለት የአንደኛ ዓመት ማስረጃውን ይሰጡታል፤ ማስረጃውን የያዘ ደግሞ ሌላ አገር ሄዶ መቀጠል ይችላል። ካልተሟላ እንዳልተማረ ነው። «ለጋትዌች የምናደርገው ያለ አይመስለኝም» አለ። «ማዬን ግን እንዳይቀርበት ሌላ ጥንድ ስጠው።»

ለማዬን ነገርሁት።

«ሌላ ሰው አላውቅም» አለኝ። «ጥንድ አለኝ። ግቢ ውስጥ ነው ያለው እንጂ አልሞተም። ስልክ አለው።»

የስልኩ ሐሳብ እንዲህ መጣ። እኔ ግን ሌላ ነገር ይታየኝ ጀመር። «ማዬን፣ አንተ ክፍል ፊት ቆመህ ‹እኔ ጋትዌች ነኝ› ልትል ነው። በዚህ ሰሞን፣ በዚህ ሰፈር። መስኮቱ መንገድ ዳር ነው» አልሁት።

«ደንቡ የእርስዎ ነው መምህር።»

«ደንብ ይለወጣል። ‹እሱ› እያልህ ብትናገር ሙሉውን እሰጣችኋለሁ።»

ጫማውን አየ፤ እንደ ወትሮው ያብረቀርቅ ነበር። «‹እሱ›፣ ‹እነሱ› እያለ አሁን ሰው ሁሉ እያወራ ነው እኮ» አለ። «እንደዚያ ለመናገር ትምህርት ቤት መምጣት አያስፈልግም።»

ደንቡን እንዳለ ተውሁት።

የእኔ ስልክ ድምፁ ደካማ ነበርና ጁባ ታውን፣ ኸድር ሱቅ ሄድሁ። ኸድር ከወሎ የመጣ ነጋዴ ነው፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ሱቁን ሳይዘጋ ከርሟል፣ ቢያንስ እሱ እንደሚለው።

«ጋሼ፣ ይሄኛው ሲጮኽ ጀበል ተራራው ድረስ ይሰማል» አለኝ አንድ ወፍራም ስልክ እያሳየኝ። «ለምን ፈለጉት?»

«ለፈተና።»

«ስልኩ ነው የሚፈተነው?»

«ስልኩ ውስጥ ያለው ሰው ነው።»

ዓይኖቼን አየና መቀለዱን ተወ። ሳያስለምነኝ ዋጋውን ቀነሰልኝ፤ ካርድም ጨመረበት።

በቀኑ ስልኩን ሰማያዊው ወንበር ላይ አኖርነው። ማዬን የውሃ ጠርሙሱን አንሥቶ ቦታ ለቀቀለት። ደወልን፤ ተነሣ። መጀመሪያ የመጣው የጋትዌች ድምፅ አልነበረም፤ የሕፃናት ጫጫታ፣ የጀሪካን ቋቋታ፣ አንዲት ሴት ስም ስትጣራ። ከዚያ፣ «ደኅና ዋላችሁ። ስሜ ማዬን ነው» አለ።

አንድ ሰው ከኋላ ሳቀ። የሳቁ ትርጉም አልገባኝም፤ ነገር ግን ወዲያው ጠፋ። ድምፁ ሌላ ሰው ሆኖ ነበር። ያ አፉን ለመክፈት የሚፈራ ልጅ፣ መውጣት በማይችልበት ግቢ ቆሞ፣ የቦርን የከብት በረት ይነግረን ጀመር፦ ጠዋት የአመድ ቅዝቃዜ፣ ስሙን ያወጡለት ነጭና ጥቁሩ በሬ፣ ከዚያ ረጅሙ የእግር መንገድ፣ ኬንያ በሸራ ክፍል ውስጥ አንድ መጽሐፍ ለስድስት ሆነው ማንበብ። ማዬን ስልኩን እያየ ከንፈሩን አብሮ ያንቀሳቅስ ነበር። አኮል የከብት በረቱ ጋ ሲደርስ ራሷን ነቀነቀች። «እናቴ» አለ ጋትዌች፣ «እናቴ ሴት ናት…» እዚያ ላይ ተቋረጠ። መልሰን ደወልን፤ የምትመልስልን ማግኘት እንደማይቻል የምትናገረዋ ሴት ብቻ ሆነች።

ማዬን ጥቂት ጠብቆ ተነሣ። ኮቱን አስተካከለ፤ ወደ ፊት ወጣ። ይህን ጊዜ አኮል ከተቀመጠችበት ተነሥታ፣ ማንንም ሳታይ፣ በመንገድ በኩል ያለውን የእንጨት መስኮት ዘጋች። «ጄኔሬተሩ በጠበጠኝ» አለች። ያን ቀን ጄኔሬተር ሲጮኽ አልሰማሁም። ሞልቼው ወይም ረስቼው ሊሆን ይችላል፤ የመስኮቱ መዝጊያ እንጨት ግን ስትገጥመው ያሰማውን ድምፅ አሁንም እሰማዋለሁ። ክፍሉ ጨለም አለ። በዚያ ጨለም ባለው ውስጥ ማዬን፣ ማንንም ሳይሆን ባዶውን ሰማያዊ ወንበር እያየ፣ «ስሜ ጋትዌች ነው» አለ።

የሳቀ አልነበረም። ወጥቶ የሄደም አልነበረም። ሲጨርስ ያጨበጨበም አልነበረም፤ ነገር ግን ወደ ቦታው ሲመለስ ያለፈባቸው ተማሪዎች ሁሉ እግራቸውን ሰብሰብ አድርገው መንገድ ለቀቁለት፤ ይህም በእኛ ክፍል ልማድ አልነበረም። በንግግሩ መካከል አንድ ቦታ ላይ አኮል ድንገት አንገቷን ቀና አድርጋ ማዬንን ማየቷን አስታውሳለሁ፤ አንድ ነገር ልትል ከንፈሯን ከፍታ ተወችው። የመምህር ዓይን ነውና አየሁ፤ ምክንያቱን ግን አልጠየቅሁም። ለሁለቱም ሙሉውን ሰጠሁ። ማስረጃው በወራት ውስጥ ወጣ፤ ጋትዌችም ከግቢው ተሳፍሮ አዲስ አበባ ገባ። የቀረውን እሱው ነግሮናል።

ይህንን ሁሉ በያይነቱ ላይ ተጎንብሰን ነገርሁት። ሹሮው ደርቋል፤ ማንም አልነካውም።

«እሺ» አለ። «እንግዲህ እኔን ይንገሩኝ።»

እጄን ታጠብሁ። ለምን እንደ ሆነ አላውቅም፤ በቆሸሸ እጅ የማይነገር መሰለኝ። ከዚያ በእንግሊዝኛ፣ የማዬንን የጥድፊያ አነጋገር እያስታወስሁ፣ ጀመርሁ። ስሜ ጋትዌች ነው። የተወለድሁት ሶባት ወንዝ አጠገብ ነው፤ ወንዙን ግን አላስታውሰውም፤ በእናቴ ጀርባ ታዝዬ ነው የተሻገርሁት። ጋምቤላ ከማንጎ ዛፍ ሥር ፊደል ቆጠርሁ። አጎቴ ብስክሌት ነበረው፤ ከፊት እሱ፣ ከኋላ እኔ፣ በመካከላችን አንድ ጆንያ በቆሎ። ጋትዌች ራሱን ይነቀንቃል፤ ብስክሌቱ ጋ ስደርስ ዓይኑን ጨፈነ። አዲስ አበባ ስገባ ብርድ ምን እንደሆነ አወቅሁ። አፌን የምፈታው በአማርኛ ነው፤ የምቆጥረው በአማርኛ ነው፤ የምጸልየው ግን በእናቴ ቋንቋ ነው። እናቴ ዓሣ ታጨሳለች። ማለዳ ወንዝ ዳር ከመውረዷ በፊት ስታቅፈኝ ሸሚዜ ጢስ ጢስ ይላል፤ ጓደኞቼ አፍንጫቸውን ይይዛሉ፤ እኔ ግን ያን ሸሚዝ ቶሎ አላጥበውም። ሩቅ ስሆን…

አቆምሁ።

«ይቅር በለኝ» አልሁት። «እንደገና ቀላቀልሁት። አእምሮዬ እንደምታየው ነው።»

አልሳቀም። ጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ቀረብ አለ።

«መምህር፣ ቦር ሄደው ያውቃሉ?»

«ኧረ አላውቅም።»

«የማዬንን እናት አይተው ያውቃሉ?»

«የት አይቼ?»

«ልምምዳችንን ሰምተውናል?»

«ደንቡ አይፈቅድም ነበር።»

«እኔ ደግሞ በስልክ እናቱ ጋ ስደርስ ነው የተቋረጠው። ስለ ዓሣው አንዲት ቃል አልተነፈስኩም።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ታዲያ ስለ ዓሣው ማን ነገረዎት?»

አሰብሁ። ሌላ አፍ ፈለግሁ፤ የኸድርን፣ የአኮልን፣ የሞተረኛዬን ሳይቀር። አንዳቸውም አልሆነም። የአኮል ቀና ማለት ትዝ አለኝ። አኮል የቦር ልጅ ናት፤ ዓሣ ሻጯን ታውቃቸው ይሆናል፤ ሳይሆንም አይቀርም። እዚያ ቦታ ላይ ማዬን እንዲናገር የሚጠበቅበት «እናቴ ሞታለች» የሚል ነበር። ምናልባት ጓደኛው ስልኩ ላይ የጀመረውን ዐረፍተ ነገር መጨረሱ ነበር፤ የጋራ ውጤታቸው እንዳይጎድል። ምናልባት ደግሞ በዚያ ሰሞን፣ ያን ባዶ ወንበር እያየ፣ አንድ ተጨማሪ ሞት በአፉ ማውጣት አልሆንለት ብሎ፣ ያለውን፣ የራሱን እናት፣ ሰጠው። የትኛው እንደ ሆነ ልምል አልችልም። እንኳን የማዬንን ልብ የሻዩን ዋጋ አልተማመንም። ይህን ሁሉ ለጋትዌች አልሁት ወይስ አሰብሁት ብቻ፣ እሱንም እጠራጠራለሁ። እሱ ግን የገባው ይመስለኛል፤ ለረጅም ጊዜ ቆርቆሮውን ሲያይ ቆየ፤ አውሮፕላን በላያችን አለፈ፤ አስተናጋጇ ሳህኑን ልታነሣ መጥታ ተመለሰች።

«የቦር መኪና የሚነሣው ከየት ነው አሁን?» አለ በመጨረሻ።

ነገርሁት። ጠዋት እንደሆነ፣ ቀደም ብሎ መድረስ እንዳለበት፣ ከፊት መቀመጥ እንደሚሻል። ሰማኝ፤ አመሰገነኝ። ሒሳቡን ለመክፈል ተሻማን፤ አሸነፈኝ። ተነሥቶ ዝቅ ካለው በር ሊደርስ ሲል ተመልሶ ወንበሩን ሳበና እንደገና ተቀመጠ።

«መምህር» አለኝ፣ «ስለ እናቴ ያለውን ብቻ አንድ ጊዜ ይድገሙልኝ።»